የዘይት ቀለም በምን ይቅጠን?

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ፣ በመካነ ሰላምም ሆነ በቀሩት የቦረና ደጋማ አገሮች በርና መስኮት ቀለም ለመቀባት የሚያስብ ባለቤት አይጠፋም። ነገር ግን የከረመው የዘይት ቀለም በጣሳው ውስጥ ወፍሮ ይገኛል፤ ያን ጊዜም በእጅ የተገኘውን ቤንዚን መጨመር ይታሰባል። ስለዚህ ነገር ለቤተሰብ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንገልጻለን።

የዘይት ቀለም የሟሟው በነዳጅ ዘይት ውጤት ስለ ሆነ ውሃን አይቀበልም፤ ዘመዱን ብቻ ይቀበላል። የዘመዶቹ ጠባይ ግን ልዩ ልዩ ነው። ቤንዚን እጅግ ፈጥኖ ስለሚተን ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል፤ የብሩሹም ዱካ ይቀራል። ናፍጣ ስለማይተን ቀለሙ ብዙ ቀን ይጣበቃል። ላምባ ከናፍጣ ቢሻልም ይዘገያል፤ ቅባትም ይተዋል። ለዚህ ሥራ የተገባው በቀለም መደብር አኳራጅ የሚባለው ነው፤ በመጠኑ ተንኖ ቀለሙን ብቻውን ይተወዋልና።

ከሥራው ማማር የሚበልጠው ግን የቤተሰብ ደኅንነት ነው። ላምባ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው 38 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚሆን ብርድ እንኳ ይሰጣል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት አንሶ ሁሉም በጥቂት ዲግሪ ቀድሞ ይተናል። የቤንዚን ትነትም ከአየር ይከብዳልና ወለል ለወለል እየሄደ በሌላው ክፍል ያለውን ምድጃ ያገኛል። ስለ ብርዱ እሳት ከቤት በማይጠፋበት አገር ይህ ታላቅ አደጋ ነው። በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ጕድጓድ በ1859 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ከተቈፈረ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ቤንዚን የተቀላቀለበት ላምባ ፋኖስ እያፈነዳ ብዙ ቤት አቃጥሏል።

ስለዚህ አስቀድሞ ጥቂት ቀለም በማይጠጣበት ዕቃ ቀድቶ መሞከር ይገባል፤ ቢቋጥር ሌላ ማቅጠኛ ይፈለግ። በጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ አይታለፍ። አኳራጅም እሳት ያነሣዋልና ሥራው በደጅ ይሁን፤ ጨርቁም ተዘርግቶ በውጭ ይድረቅ።

የተረፈውን በመጠጥ ጠርሙስ ማኖር ፈጽሞ አይገባም። ሕፃን ቢጠጣው እንዲያስታውክ አይደረግ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ገብቶ የባሰ ይጐዳዋልና። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የአንድ ጠርሙስ አኳራጅ ዋጋ ቢበዛ፣ ከአንድ ቤትና ከአንድ ልጅ ጋራ አይመዘንም።