ነፋስ የሚጠብቁ ዛፎች

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በደቡብ ጎንደር ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዐይኑ ከማሳው አይነሳም። አጨዳው ይደርሳል፣ አውድማው ይለቀለቃል። በዚያው ሰሞን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያሉ ዛፎችም የዓመት ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ኮሶ ለምሳሌ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያብባል።

ዛፍ ዘር እንዲይዝ የአበባ ዱቄቱ ከወንዴው ክፍል ተነሥቶ ሴቴው ላይ መድረስ አለበት። ዋንዛ፣ ግራር፣ ብሳናና ባሕር ዛፍ ይህን ሥራ በአብዛኛው ለንብና ለሌሎች ነፍሳት ሰጥተዋል፤ ቀፎ ያለው ሰው ጠንቅቆ የሚያውቃቸውም እነዚህን ነው። የሐበሻ ፅድና ዝግባ ግን ንብ የሚጠራ አበባም ሆነ የሚቀሰም ወለላ የላቸውም። ተስፋቸው ነፋስ ነው። ወይራም በአብዛኛው ወደ እነሱ ያደላል።

ፅድ ጾታ ለይቶ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ በጥቅሉ አንዱ ዛፍ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ይሆናል። ወንዴው በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቢጫ የሚሉ ትናንሽ እንቡጦች ያወጣል። በእንቡጡ ውስጥ ዱቄቱን የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ፤ እነሱም የሚከፈቱት ሲደርቁ ነው። የከረጢቱ ግድግዳ እርጥበቱን ሲያጣ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ቢደርስም እዚያው ታሽጎ ይቆያል።

የበጋ ሌሊት ለዚህ አይመችም። ጤዛ አለ፣ ከፍ ባለው ደጋ ውርጭ ይጥላል፤ ውርጭ የፈካ አበባ ላይ ካረፈ ደግሞ ያቃጥለዋል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወደ በሽሎ ሸለቆ ተንሸራትቶ ከታች ይረጋል። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ሁለት ነገር ባንድ ሰዓት ይገጥማል፦ ጤዛው ተንኖ ከረጢቶቹ ይከፈታሉ፣ የሞቀው አየርም ገደሉን ታክኮ ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል። የፅድ ዱቄት አንዱ ቅንጣት ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው፤ 1000 ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንሣት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። የዝግባው ዱቄት ጭራሽ አየር የሞላቸው ሁለት ፊኛዎች በጎንና በጎኑ ይዞ ነው የሚነሣው።

ሴቴዋ ፅድ በበኩሏ፣ ገና ባልጎለመሰችው ፍሬ ጫፍ ላይ የፈሳሽ ጠብታ ታወጣለች። ዱቄቱ ጠብታው ላይ ካረፈ ይያዛል፤ ጠብታው ወደ ውስጥ ሲሰበሰብም አብሮ ይገባል። ከዚህ ሁሉ ብልሃት እኔን የሚያስገርመኝ ይኸኛው ነው። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ምን እንደሚያበላሽ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፤ ከረጢቱን ይዘጋል፣ አየር ላይ ያለውን ዱቄት አጥቦ መሬት ያወርዳል፣ ጠብታዋንም ያጥባታል። ያም ሆኖ ክረምቱ ጠላት አይደለም፤ እንቡጡን የሚያበቃው ስንቅ የተሰበሰበው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው።

የሐበሻ ፅድ ወገን የሆነ ዛፍ በአሜሪካ ቴክሳስ ኮረብታዎች በብዛት ይበቅላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቀዝቃዛና ደረቅ የሰሜን ነፋስ ሲገባ እንቡጦቹ ባንዴ ይፈነዱና ዛፉ የሚጨስ ይመስላል። ነዋሪው በማስነጠስና በዐይን ማሳከክ ይሠቃያል፤ «የፅድ ትኩሳት» ይሉታል፣ ዋናው ሕመም ትኩሳት ባይሆንም። በአውሮፓ ደግሞ ብዙ ዛፎች ለማበብ አስቀድመው የብርድ ሳምንታት ይሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ቶሎ ከመጣ አበባውም ይቀድማል። የእኛዎቹ እንዲህ ያለ ብርድ አይጠብቁም፤ ለእነሱ ወሳኙ የዝናቡ መውጣትና መግባት ነው። እኛ ዘንድ በበጋ ሰው ሲያስነጥስ የሚከሰሰው የአውድማ ገለባና የመንገድ አቧራ ነው። ብዙውን ጊዜ ክሱ ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛፉን የሚጠረጥር ግን አላጋጠመኝም።

ሴቴዋን ያላገኘ ዱቄት ይወድቃል። ሐይቅ ላይ የወደቀው ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ለሺህ ዓመታት ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና የሥራ ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከወሎዎቹ ሐይቅና ሐርዲቦ ሐይቆች ያወጡትን ጭቃ መርምረው የ3000 ዓመት የደን ታሪክ አንብበዋል። ደኑ ተመንጥሮ ለብዙ ዘመን ቁጥቋጦ ከሆነ በኋላ፣ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ፅድና ወይራ እንደገና ተስፋፍተው እንደነበር ያወቁት ከዚሁ ዱቄት ነው።

ዛሬ በደቡብ ጎንደር የአገር በቀሉ ደን ቅሪት በአብዛኛው ያለው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በዞኑ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 እንጨታማ የዕፅዋት ዓይነቶች መዝግበዋል። በአንዱ ደንና በሌላው መካከል ያለው እርሻ ነው። ዱቄት እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ወንዴ በአቅራቢያዋ የሌላት ሴቴ ፅድ ነፋስ ቢነፍስም የሚበቅል ዘር የመያዝ ዕድሏ ጠባብ ነው። ስለዚህ በየቅጥሩ ስንት ፅድ እንዳለ መቁጠር ብቻ አይበቃም፤ ስንቱ ወንዴ እንደሆነም መታወቅ አለበት። ወንዴውን ለመለየት ቀላል ነው፦ እንቡጡ በደረሰበት ሰሞን፣ ደረቅ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከቅርንጫፉ ሥር ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ መታ መታ ማድረግ ነው። ቢጫ ዱቄት ከረገፈ ወንዴ ነው።