ስኳርን ከሻይ ስለ መቀነስ

በደጋው አገራችን ከጥንት የጣፋጭ ምንጭ ማር ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ በአንበሳሜም ከሻይ ጋር ይጠጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ምግብ ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ ይመክራል። ይኸውም 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም፣ ማለትም 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ማርም ከዚሁ ይቈጠራል። እንግዲህ በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ የሚጨምር ሰው በ4 ብርጭቆ ልኩን ይጨርሳል። ትርፉ ጥርስን ያበላሻል፤ ውፍረትን አስከትሎም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

ስለዚህ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይበጃል፤ ምላስ ቀስ በቀስ የተቀነሰውን ይለምዳልና። ቅርንፉድና ቀረፋም ለሻዩ ጣዕም ይሰጡታል። በሻይ ቤትም ስኳሩ ለብቻው ቢቀርብ ጠጪው ልኩን ራሱ ሊወስን ይችላል።