ኢንጂነሮች፣ የገዛችሁትን የኢንተርቪው ፋይል ደምስሱት

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

እኔ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ፤ ኤምቢኤ የተማርኩት ውጭ ነው። አሁን ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ የሚያመለክቱ ልጆችን አነጋግራለሁ። ክፍያ የለውም፤ የቀድሞ ተማሪዎች በፈቃዳችን የምንሠራው ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ኢንጂነሮች በተለያየ ቀን መጡ። አንዱ ሲቪል፣ አንዷ ኤሌክትሪካል፤ አይተዋወቁም። ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለገጠማቸው ግጭት ጠየቅኳቸው። ሁለቱም አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ያ አስቸጋሪ የቡድን አባል፣ ምሳ ጋብዞ በእርጋታ ማነጋገር፣ ፕሮጀክቱ ከቀነ ገደቡ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማለቁ፣ ሁሉም ቃል በቃል ያው ነው። ነገሩን ስከታተለው በቴሌግራም በብር የሚሸጥ የኤምቢኤ ኢንተርቪው «ጥያቄና መልስ» መኖሩን ደረስኩበት።

ፋይሉን አግኝቼ አነበብኩት። «ኢንጂነሮች ቢዝነስ ስለማያውቁ አካውንቲንግና ፋይናንስ ይፈተናሉ» ይላል። ይህ ፍጹም ውሸት ነው። ሰዎች ከሥራ መልስ ሌሊቱን ዴቢትና ክሬዲት ሲያጠኑ ያድራሉ፤ ማንም የማይጠይቃቸውን ነገር! ስለዚህ አንድ በአንድ ላስቀምጠው።

1. ኢንጂነር መሆናችሁ ጉድለት አይደለም። የኤምአይቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት፣ የዛሬው ስሎን፣ በ1914 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የምህንድስና አስተዳደር ትምህርት ነበር፤ ሥራውን ለመምራት ለተዘጋጁ የምህንድስና ተማሪዎች ማለት ነው። ዛሬም በታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ኢንጂነር ሞልቷል። ሒሳብ መቻላችሁን ጂማቱና ትራንስክሪፕቱ ቀድመው ተናግረዋል። ኢንተርቪው ላይ እንደገና ለማስመስከር ጊዜ አታጥፉ።

2. ማን እንደሚያነጋግራችሁና ምን አንብቦ እንደሚመጣ ቀድማችሁ እወቁ። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ሃርቫርድ የሚያነጋግራችሁ የቅበላ ቦርዱ ሰው ነው፤ ማመልከቻችሁን ሙሉውን አንብቦ ይመጣል፤ ጊዜው 30 ደቂቃ ነው። ስታንፎርድ ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ተማሪ ነው የሚመድበው፤ እሱ የሚያየው ሲቪያችሁን ብቻ ነው። ጽሑፌ ላይ አለ ብላችሁ የምትዘሉት ነገር እዚያ ጨርሶ አይታወቅም። ኢንሲያድ በተለምዶ ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ለየብቻ ያገናኛል። ዋርተን ደግሞ ከሌሎች አመልካቾች ጋር አንድ ርዕስ ሰጥቶ ለ35 ደቂቃ ያወያያል፤ ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያህል ለብቻ ይጠይቃል። ፋይሉ ስለዚህ ልዩነት አንድ መስመር የለውም። ለሁሉም አንድ መልስ!

3. ኢንተርቪው ዲፌንስ አይደለም። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የእኛን ሰው የሚጥለው ይሄ ነውና።

አምስተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይዘን ፈታኞች ፊት ቆመናል። እዚያ የለመድነው መከላከል ነው። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ማሳየት፣ ክፍተቱን መሸፈን፣ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ ማለፍ። ያንን ልማድ ይዞ ኢንተርቪው የሚገባ ልጅ ስለ ሥራው ሲጠየቅ የትራንስፎርመሩን አቅም፣ የኮንክሪቱን ደረጃ፣ የሶፍትዌሩን ስም ይዘረዝራል። እኔ ማሽኑን አይደለም የማነጋግረው። ምን እንደወሰንክ፣ ማን እንደተቃወመህ፣ እንዴት እንዳሳመንከው ነው መስማት የምፈልገው።

ኤሌክትሪካሏን ልጅ እንውሰድ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ)። የተሸመደደውን አንብባ ስትጨርስ ማስታወሻዬን ዘጋሁና «ባለፈው ክረምት ፋብሪካው ውስጥ ከሁሉ ያስቸገረሽ ምን ነበር?» አልኳት። የማሽን ኢንቨርተር ተቃጥሏል። ያው ብራንድ እንዲመጣ ኤልሲ ተጠይቆ ወራት አልፏል፤ የውጭ ምንዛሬ ወረፋ። እሷ አገር ውስጥ የተገኘ የሌላ ፋብሪካ ምርት አስገብታ መቆጣጠሪያውን እንደገና ለማገናኘት ሐሳብ አቀረበች። የምርት ኃላፊው ዋስትናው ይቀራል ብሎ እንቢ አለ። መስመሩ በቆመ ቁጥር በቀን የሚጠፋውን ብር ከዕቃው ዋጋ ጋር አስልታ ለፋይናንስ ኃላፊዋ አሳየች። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ፣ በሌሊት ሺፍት ይሞከር ተባለ። አሁን ደግሞ ኦፕሬተሮቹ አንሠራም አሉ፤ ቦነሳቸው የሚታሰበው በምርት ብዛት ነው፤ ሙከራው ምርት ይቀንስባቸዋል። ሄዳ አለቃቸውን ለምና የሙከራው ሰዓት ከቦነስ ስሌት እንዲወጣ አስደረገች። ማሽኑ ሠራ።

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት ያለችኝ፦ «ይሄ እኮ የጥገና ሥራ ነው፤ ቢዝነስ አይደለም።»

እንዴት ቢዝነስ አይደለም! ከገንዘብ፣ ከአደጋ፣ ከተቃዋሚ አለቃና ከሠራተኛ ጥቅም ጋር የተጋፈጠ ውሳኔ ካልሆነ ቢዝነስ ሌላ ምንድን ነው? በፋይል ከተገዛው የምሳ ግብዣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያ ፋይል የሚሸጠው ይህችን ልጅ የኖረችውን ቀምቶ የማንም ያልሆነ ታሪክ እየሰጣት ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ገንዘቧን ብቻ ቢወስድ ይሻል ነበር።

ሳይት ላይ ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ። የብረት ዋጋ ሲጨምር ኮንትራክተሩ ሥራ አቁሞ፣ ባለቤቱ ክፍያ ይዞ፣ እናንተ መሃል ላይ ቆማችሁ ያደራደራችሁበትን ቀን አስቡ። ክፍያ ሰርተፍኬት ላይ አልፈርምም ያላችሁበትንም ቀን። ለእያንዳንዱ ታሪክ እነዚህን ለራሳችሁ መልሱ፦ ስንት ብር ነበር? ማን እንቢ አለ? የማታውቁት ምን እያለ ነው የወሰናችሁት? እናንተ ባትኖሩ ምን ይሆን ነበር? እንዲህ የተብላሉ አራት አምስት ታሪኮች ካሏችሁ አብዛኛው ጥያቄ ከእነሱ ውጭ አይሆንም። ኤምአይቲ በተለይ የሚጠይቀው ያለፈ ድርጊታችሁን ነው፤ ምን አላችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ቀጥሎስ እያለ። በሽምደዳ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ትደርቃላችሁ።

«ለምን ኤምቢኤ?» ለሚለውም «ማኔጅመንት ውስጥ መግባት ስለምፈልግ» አትበሉ። ዕውቀት አንሷችሁ ያልወሰናችሁትን ወይም ሌላ ሰው የወሰነባችሁን አንድ ጉዳይ ንገሩኝ። ከዚያ ቀጥሎ ምን መሥራት እንደምትፈልጉ በራሱ ግልጽ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ 70 በመቶውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የላከው የ70/30 ምደባ በሺዎች የሚቆጠር ኢንጂነር አስመርቋል። ከእነዚህ ስንቶቹ የሠሩትን ነገር ቆመው እንዲያስረዱ ተለማመዱ? የድጋፍ ደብዳቤውስ? አለቃው «ጽፈሽ አምጪው፣ ልፈርምበት» ይላል። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ግን አለቃው ራሱ በኢሜይሉ ገብቶ፣ በራሱ ቃል፣ ምን ምክር እንደሰጣትና እንዴት እንደተቀበለች እንዲጽፍ ነው። አንድ ድርጅት የሥራ ልምድ ማስረጃ ለመስጠት ሠራተኛውን «ልትለቅ ነው?» እያለ ሲያሸማቅቅ አይቻለሁ። ትራንስክሪፕት ለማስላክ ሬጅስትራር ደጅ የሚጠናው ሰው ደግሞ ቀኑ አልፎበት ያመለጠውን ስኮላርሺፕ ማን ይተካለታል? ተቋሞቻችን ወጣቱን በዚህ መንገድ ሲያደክሙት ነው ፋይል ሻጭ ገበያ የሚያገኘው።

ኤጀንቶችም «ቅበላ እናስገኛለን» ማለታችሁን አቁሙ። ማንም ኤጀንት የማንንም ኢንተርቪው አያልፍም። የማመልከቻ ክፍያው ብቻ በአንዳንዶቹ ትምህርት ቤቶች ከ250 ዶላር አያንስም፤ በዛሬ ምንዛሬ ይህ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የአብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሁለተኛ ዙር በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በእኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። ለዚያ የምታስቡ ካላችሁ አለቃችሁን በዚህ ሳምንት አነጋግሩት፤ ትራንስክሪፕታችሁንም አሁኑኑ ጠይቁ።