ሩቁን ድምፅ ለመስማት

ሬዲዮ ለማዳመጥ ብለው ከተማ ለቀው የሚወጡ ሰዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ? በሰሜን ፊንላንድ፣ በላፕላንድ፣ የሬዲዮ ወዳጆች በቡድን ጎጆ ተከራይተው፣ ጫካ ውስጥ ረጅም ሽቦ ዘርግተው ከውቅያኖስ ማዶ ያሉ ጣቢያዎችን ያዳምጣሉ። በከተማ የኤሌክትሪኩ ጩኸት ደካማውን ድምፅ ይውጠዋልና።

የእኛም ድምፅ ለሌሎች ሩቅ ጣቢያ ነበር። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ደርግ በ1969 እስከወረሰው ድረስ፣ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ አፍሪካንና እስያን ያዳርስ ነበር። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም።

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ሲገባ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሳንቃ በር የተባለ የድንኳን ማረፊያ አለ። የመንገዱን ሰላም አረጋግጣችሁ ከሌሎች ባለ ትዳሮች ጋር ብትሄዱ ባለ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዙ፤ ጋቢም አትርሱ። ሲመሽ አንዳችሁ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ሌላችሁ ዝም በሉ። ደካማ ድምፅ ከሰማችሁ አትለፉት፤ ጥቂት ብትታገሡት ሊጠራ ይችላል።

ከዚያ ሬዲዮውን ዝጉና ተያዩ። የትዳር ጓደኛችሁ ድምፅ ስንት ጊዜ በስልክና በቴሌቪዥን ጩኸት ተውጦ ቀረ? ለሩቁ ጣቢያ የሰጣችሁትን ዝምታ ከአጠገባችሁ ላለው አትንፈጉት። ያዕቆብ 1፥19ን አብራችሁ አንብቡ፤ ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ጀምሩ።