ከኮብሉ በፊት ውሃው

ክረምት ሲገባ የአስፋልት ዳር ሊስትሮዎች ሥራ ይቀየራል። መቀባቱ ይቀርና ባልዲና ስፖንጅ ይዘው ጫማ ማጠብ ይሆናል። ደንበኞቻቸው ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከውስጥ ሰፈር ነው የሚወጡት። አንዳንዱ ደግሞ ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ጭቃውን ያልፍና ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርስ ፌስታሉን ይጥለዋል። ፌስታሉ ኋላ ላይ ይመለሳል፤ እንደርስበታለን።

ጭቃው የጫማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እንደ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ አዲስ ከተማና ጉለሌ ባሉ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ቅያስ የቤት ቅጥያ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ስለሆነ ልብስ የሚታጠበው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ልጅ ኳስ የሚጫወተው፣ ሰው ሲሞትም ድንኳን የሚጣለው እዚያው ነው። ራይድ ብትጠሩ ሾፌሩ «አስፋልት ድረስ ውጡ» ይላችኋል። እሱስ ይሁን። ምጥ የያዛትን ሴት በሰው ትከሻ ተሸክሞ በጭቃ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ኮብልስቶን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እገዛ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ያኔ ወሬው ሁሉ «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ» የሚል ቀልድ ሆነና ስለ ድንጋዩ ራሱ ሳይወራ ቀረ። ድንጋዩ ግን ብልህ ነገር ነው። በመሮና በመዶሻ ተጠርቦ አሸዋ ላይ ይነጠፋል፤ በሲሚንቶ አይታሰርም። ስለዚህ የውሃ ቧንቧ ለመቅበር ሲቆፈር ተነስቶ መልሶ ሊነጠፍ ይችላል። የሚመልሰው ሰው ካለ ነው እንግዲህ! ከሌለ ጥግ ላይ ተከምሮ ይከርምና መጨረሻው ጉልቻ ይሆናል።

ትልቁ ችግር ከሥር ነው። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ቅያሱ አፈር ሳለ ከዝናቡ ጥቂቱን ይመጥ ነበር። ኮብል ሲነጠፍበት ያ ሁሉ ውሃ ወደ ታች ይሮጣል። በዚያ ላይ የድሮው አፈር በደንብ ሳይቆፈር ጠጠርና አሸዋ ተደፍቶ ድንጋይ ከተደረደረበት መንገዱ ከበሩ ደፍ በላይ ይሆናል። የላይኛው ቤት «ተገላገልን» ሲል የታችኛው ቤት ውሃ በጆግ መቅዳት ይጀምራል። መንገዱ ተሻሽሏል፤ ሪፖርቱም ላይ የሚቆጠረው የተነጠፈው ሜትር ነው እንጂ የገባው ጎርፍ አይደለም።

ሥራው ከታች መጀመር አለበት። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበት ቦታ ይፈለግ፤ ወንዝም ይሁን ዋናው የመንገድ ቱቦ። ከዚያ እየቆፈሩ ወደ ላይ መውጣት ነው። ጠባብ ቅያስ ላይ ደግሞ ቦይ ዳር ዳሩን መቅደድ ለጭቃ ግድግዳ ጥሩ አይደለም፤ ውሃው የግድግዳውን እግር እያራሰ ይበላዋል። ንጣፉን ወደ መሃል አዘንብሎ ውሃውን መሃል ለመሃል መሸኘት ይሻላል። ቱቦ ከተቀበረ ደግሞ የሚከፈት ክዳን ይኑረው፤ አለበለዚያ ያ ከላይ የተጣለው ፌስታል ይዘጋዋል።

ከቱቦ የጀመሩ አሉ። በፓኪስታን ካራቺ፣ ኦራንጊ በሚባል ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1980 በአክታር ሃሚድ ካን አስተባባሪነት በተጀመረው ሥራ የየቅያሱ ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ከመካከሉ አስተባባሪ መርጦ የቅያሱን የፍሳሽ ቱቦ ራሱ ቀበረ። የአንድ ቅያስ ሰው ስለሚተዋወቅ ማን እንዳዋጣ፣ ማን እንዳላዋጣ አይደበቅም። የእኛ እድርም ይህንን ያውቃል።

እኛ ጋ ግን አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የቀበሌ ቤት ነዋሪ መዋጮ ሲጠየቅ «ነገ ለሚፈርስ ቤት?» ቢል ምን ይባላል? ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡን አስልቶ ነው። ወረዳው ከነዋሪው ብር ከመሰብሰቡ በፊት ሰፈሩ በቅርብ ዓመታት ይነሳ እንደሆነና እንዳልሆነ በግልጽ ቢናገር፣ ከማንኛውም ቅስቀሳ ይልቅ ያ ሰውን ያዋጣል።

እናንተ ሰፈርም ኮሚቴ ከተቋቋመ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ስልካችሁን አውጡና ውሃው ከየት ተነስቶ ማን በር ላይ እንደሚቆም ቅረጹት። ቪዲዮውን ለኢንጂነሩ ከመላካችሁ በፊት ግን ታች ቤት ላሉት እናት አሳዩአቸው። የትኛው ቱቦ መቼ እንደተደፈነ፣ ውሃው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚገባ እሳቸው ያውቃሉ።