ሰሌዳው ሲነሣ ጨዋታው የት ይደርሳል?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ይህን ምሳሌ ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ትዝ የሚለን የታሪክ፣ የውል፣ የኑዛዜና የርስት ጉዳይ ነው። ጨዋታም በጽሑፍ ሊወረስ እንደሚችል የሚያስብ ግን ጥቂት ሰው ነው። ክቡራን አንባብያን! ለዛሬው እሑድ የመረጥነው ርእስ ይኸው ነው፤ ይኸውም በሰሌዳ ላይ የሚደረግ ጨዋታ ወደ ጽሑፍ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ጽሑፉም ተመልሶ እንዴት ጨዋታ እንደሚሆን ነው።

አራዳን የሚያውቅ ሰው ዳማን ያውቃል። በፒያሳ መንደሮች ውስጥ በየጥላው ሥርና በየሱቁ ደጃፍ፣ በካርቶን ወይም በጣውላ ላይ 64 ቤት ተሠምሮ፣ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ተሰልፎበት፣ አንደኛው ወገን ቆርኪውን በፊቱ ሌላው በጀርባው አድርጎ ሲፋለም፣ በዙሪያቸውም መካሪው ከተጫዋቹ በቁጥር ሲበልጥ ማየት የቆየ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲሄድ፣ በአንድ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይቀመጡ የነበሩ ጎረቤታሞችም አብረው ተበተኑ። የፈረሰ ቤት ቢያንስ በካርታና በፎቶግራፍ ሊታወስ ይችላል። ለሠላሳ ዓመት በአንድ ደጃፍ የተደረገ ጨዋታ ግን ካልተጻፈ በምን ይታወሳል?

ዳማን መጻፍ ደግሞ የሚከብድ አይደለም። ከ64ቱ ቤቶች ጨዋታው የሚደረገው በ32ቱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን ከ1 እስከ 32 ቁጥር መስጠት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ቁጥር ነው። «11-15» ሲባል በ11ኛው ቤት ያለው ቆርኪ ወደ 15ኛው ሄደ ማለት ነው። ባላጋራው «22-18» ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያው «15×22» ብሎ ይበላል፤ ሁለተኛውም «25×18» ብሎ የበላውን መልሶ ይበላዋል። እነሆ አራት እርምጃ በአንድ መሥመር አለቀ! አንዱ አያት፣ ሌላው ገላን ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱም ቁጥሩን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር እስካወቁ ድረስ በስልክ መልእክት ብቻ ተላልከው መጫወት ይችላሉ። ሰሌዳው በየቤታቸው ነው፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1737 የሶርያዋ የሐለብ ከተማ ተወላጅ ፊሊፕ ስታማ ባሳተመው የቼዝ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱን ቤት በአንድ ፊደልና በአንድ ቁጥር ጠራው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዴቪድ ፎርሳይዝ የተባለ የስኮትላንድ ጋዜጠኛ ሌላ ዘዴ አመጣ። የጋዜጣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ይረዳዋል። የሰሌዳ ሥዕል በጋዜጣ ለማተም ክሊሼ ማሠራትና ሰፊ ቦታ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ፎርሳይዝ ግን መላውን ሰሌዳ በአንድ መሥመር አስገባው፤ ቁም ነገሩም ባዶውን ቤት በቁጥር መተካቱ ነው። አንድ ረድፍ ፈጽሞ ባዶ ከሆነ «8» ብቻ ይጻፋል፤ ሦስት ባዶ ቤት፣ ከዚያ ንጉሥ፣ ከዚያ አራት ባዶ ቤት ካለ «3 ንጉሥ 4» ይባላል። የቁጥሩና የጠጠሩ ድምር ምን ጊዜም ስምንት መሆን ስላለበት ስሕተት ቢገባ ወዲያው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስቲቨን ኤድዋርድስ ይህንኑ ዘዴ ለኮምፒውተር እንዲስማማ አድርጎ ሲያስፋፋው፣ የእርምጃዎቹንም አጻጻፍ በአንድ ሥርዓት አስያዘው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ኮምፒውተሩ ራሱ ጨዋታውን ማስቀመጥ አይችልምን? ጽሑፍ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ኮምፒውተሩ ማስቀመጥስ ይችላል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ራሱ ብቻ በሚያነበው ምስጢር ነው። ፕሮግራሙ ከገበያ ሲወጣ ወይም መሣሪያው ሲለወጥ፣ የተቀመጠው ነገር ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ይሆናል። በተራ ፊደልና ቁጥር የተጻፈ ጨዋታ ግን በወረቀት ይታተማል፣ በእጅ ይገለበጣል፣ በስልክ ይነበባል፤ የነገው ኮምፒውተርም ያነበዋል። ስለዚህ ብልሆቹ የፕሮግራም ሠሪዎች ከምስጢሩ ወደ ጽሑፍ፣ ከጽሑፉም ወደ ምስጢሩ የሚመልስ በር ይከፍታሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ገበጣ እንምጣ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለውን፣ በእያንዳንዱም አራት ጠጠር የሚጣልበትን ዓይነት ብንወስድ መነሻው «4 4 4 4 4 4 / 4 4 4 4 4 4» ተብሎ ይጻፋል። ከሦስተኛው ጉድጓድ ተነሥተን ጠጠሩን በየተራ ብንዘራና ለምሳሌ ያህል በመጀመሪያው እጅ ብናቆም «4 4 0 5 5 5 / 5 4 4 4 4 4» ይሆናል። ድምሩ ከመዝራቱ በፊትም በኋላም 48 ነው፤ የተበላ ጠጠር ቢኖር እርሱም ተደምሮ 48 መሙላት አለበት። ይህን ሁሉ ቁጥር መጻፍ የማይፈልግ ደግሞ «3» ብሎ ቢጽፍ ይበቃዋል፤ ሕጉን የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ራሱ ይዘራዋልና።

ችግሩ ግን «ሕጉን የሚያውቅ» ባልነው ላይ ነው። ገበጣ በአገራችን በየአውራጃው ይለያያል። የረድፉ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ የመዝሪያው አቅጣጫና የመብያው ሥርዓት አንድ አይደለም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣ ባወጡት ሰፊ ጥናት የዘረዘሩት ይህንኑ ብዛት ነው። እንግዲህ «3» የሚለው ጽሑፍ ከላዩ ላይ የየትኛው ገበጣ መሆኑ ካልተጻፈበት ዲዳ ነው። ሌላም ነገር አለ። የግዕዝ አኃዝ ባዶን የሚያመለክት ምልክት የለውም። ስለዚህ ጠጠሩ ያለቀበትን ጉድጓድ በግዕዝ አኃዝ ለመጻፍ የሚሻ ሰው ወይ «ባዶ» ብሎ በፊደል መጻፍ፣ ወይም 0ን መዋስ ግድ ይሆንበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰንጠረዥ ነው። ይህ ጨዋታ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት አዳራሽ የከበረ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት አይቷል። የሰንጠረዥ አጀማመር ከሌላው ዓለም ቼዝ ፈጽሞ ይለያል። በመጀመሪያ «ወረራ» አለ፤ በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ወገን አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እንደ ፈለገ ያንቀሳቅሳል። ተራ የሚጀመረው አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። የቼዝ አጻጻፍ ደግሞ የተሠራው «አንድ እርሱ፣ አንድ እኔ» በሚል ቁጥር ነው። ስለዚህ ወረራው በዚያ ዓምድ ውስጥ ቦታ የለውም።

መፍትሔው ሁለቱን ዘዴዎች ማጋባት ይመስለናል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላበት ቅጽበት ሰሌዳውን እንደ ፎርሳይዝ በአንድ መሥመር መጻፍ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በተራ ቁጥር መከተል ነው። ወረራው ራሱ እንዳይጠፋ የሚሻ ደግሞ እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ ይመዝግብ። አጨራረሱንም መርሳት አይገባም። በቼዝ ጽሑፍ ውጤቱ ማሸነፍ፣ መሸነፍ ወይም እኩል መውጣት ብቻ ነው። በሰንጠረዥ ግን በፈረስ ወይም በማዕዘኑ ጠጠር ንጉሥን መያዝ እምብዛም አያስከብርም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በእግረኛ ወታደር መያዝ ነው ሙገሳ የሚያስገኘው። ስለዚህ «አሸነፈ» ከሚለው ቃል ጎን «በምን?» የሚለው መልስ መጻፍ አለበት።

ፊደሉስ? የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነጩን በትልቅ፣ ጥቁሩን በትንሽ ፊደል ይለያል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ይሁን እንጂ ግዕዝና ካዕብ አለው! ለአንዱ ወገን ንጉሥ «ነ»፣ ለሌላው «ኑ»፤ ለአንዱ ፈረስ «ፈ»፣ ለሌላው «ፉ» ብንል ወገኑ ተለየ። ፈርዝም በ«ፈ» ስለሚጀምር ከፈረስ ጋር እንዳይጋጭ ከመጨረሻ ድምፁ «ዘ» እና «ዙ»ን ይውሰድ፤ ፊልም እንዲሁ «ለ» እና «ሉ»ን። እንግሊዞችም የፈረሳቸው የመጀመሪያ ፊደል ከንጉሣቸው ጋር ስለ ተጋጨ የሰጡት ሁለተኛውን ፊደል ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደሎች ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ካዕቡ ከግዕዙ ቀጥሎ ስለ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሩ ወገን ለመለወጥ በቁጥሩ ላይ አንድ መደመር ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው ቢያቀርብ ደስታችን ነው።

የማንኛውም ጽሑፍ መፈተኛ ግን አንድ ነው። ጨዋታውን ላላየ ሰው ጽሑፉን ብቻ ስጡት። እርሱ ሰሌዳውን ይደርድር፤ ከደረደረውም ሰሌዳ ላይ እንደገና ይጻፍ። ሁለቱ ጽሑፎች ከተመሳሰሉ መለወጡ የታመነ ነው። ካልተመሳሰሉ በመካከል የጠፋ ነገር አለ፤ ብዙውን ጊዜም የጠፋው «ይህማ የታወቀ ነው» ተብሎ ሳይጻፍ የቀረው ነው።

ፕሮፌሰር ፓንክረስት በዚያው በ1971 የሰንጠረዥንም ታሪክና ሕግ ጽፈው ባያቆዩልን ኖሮ፣ ከዚህ በላይ ስለ ወረራ የተናገርነውን ለመናገር ባልቻልን ነበር። ሕጉን ያቆዩልን እርሳቸው ናቸው፤ ጨዋታውን ማቆየት ግን የኛ ፋንታ ነው። የሰፈራችሁ ሽማግሌ ገበጣ ሲዘሩ፣ የቀድሞ ጎረቤታችሁም በአዲሱ መንደር ቆርኪ ሲደረድር ስታዩ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ተጠጉ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ሕጉን ጠይቁና ከላይ ጻፉት፤ እርምጃው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።