ቃሊቲ የሚደርሰውና የማይደርሰው ፍሳሽ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ለፍሳሽ መሐንዲስ ይህ ትልቅ ሲሳይ ነው፤ ቆሻሻው ውሃ አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳል። ማጣሪያ ጣቢያው በደቡቧ ቃሊቲ ላይ መተከሉም አለምክንያት አይደለም።

በ1970ዎቹ የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ ማሽን የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረውም። ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሰፋፊ ኩሬዎች ነበሩ። ፍሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ለሳምንታት ይቆያል፤ ዝቃጩ ይሰክናል፤ የቀረውን ፀሐይና አልጌ ይጨርሱታል። አቅሙ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ነበር። ከተማዋ ሚሊዮኖችን ስትጨምር ኩሬዎቹ እዚያው ቀሩ።

በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ የተካሄደው ማሻሻያ ይህን አቅም ወደ 100,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ወደ አሥራ ሦስት እጥፍ ገደማ አሳደገው። የተመረጠው ቴክኖሎጂ በእኔ እምነት ብልህነት ያለበት ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ በወንፊት ያልፋል፤ ላስቲኩ፣ ጨርቁና ዳይፐሩ እዚያ ይቀራል። አሸዋው ከተለየ በኋላ ፍሳሹ ኦክስጅን በሌለባቸው ገንዳዎች ውስጥ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ መሐል ላይ የተንሳፈፈው ወፍራም ዝቃጭ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እየበሉ ጋዝ ይሰጣሉ። ይህ ዘዴ ሙቀት ይወዳል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ባክቴሪያዎቹን ያንቀራፍፋል። ስለዚህ ሁለተኛ እርከን ተከተለ፦ በክብ ገንዳ አናት ላይ ረጃጅም ክንዶች እየተሽከረከሩ ፍሳሹን ይረጩታል፤ ከታች በተሞላው ነገር ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ዝልግልግ ደግሞ እየተንጠባጠበ የሚወርደውን ያጸዳዋል። ሁለቱም እርከኖች አየር በማሽን ከሚነፋባቸው ጣቢያዎች ያነሰ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ከማሽኑ ወደ ቱቦው ይዞራል። ጣቢያ ሊያጣራ የሚችለው የደረሰውን ብቻ ነው። ዋና መስመሩ በአስፋልቱ ሥር ቢያልፍም ከመስመሩ እስከ ግቢው ያለችው ጥቂት ሜትር ናት አስቸጋሪዋ። መንደሩ ጠባብ ነው፤ ጎረቤት አጥሬ ሥር አይቆፈርም ይላል፤ የመቀጠያው ወጪም አለ። ስለዚህ ብዙው ነዋሪ ዛሬም ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ያ ያልተመቸው ደግሞ ክረምትን ጠብቆ ወደ ወንዝ ይለቀዋል። ክረምት ሌላም ጣጣ አለው፦ የጣሪያ አሸንዳውን ከፍሳሽ ማንሆል ጋር ያገናኘ ሰው ዝናቡን ከነአሸዋው ወደ ቃሊቲ ይልካል፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያዎቹ ምግብ ሳይሆን ጎርፍ ይደርሳቸዋል።

ፋብሪካዎችን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ቆዳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ክሮም ባክቴሪያ ይገድላል፤ በየግቢው ቀድሞ ካልተጣራ ወደ ሕዝብ መስመር ሊገባ አይገባም።

ብዙ የማይነሳ አንድ ጉዳይ ግን አለ። አሮጌዎቹ ኩሬዎች ዘገምተኛ ቢሆኑም ፍሳሹን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ስለሚያቆዩት ጀርምና የጥገኛ ትል እንቁላል በመቀነስ ጎበዝ ነበሩ። አዲሶቹ እርከኖች ፍሳሹን በሰዓታት ውስጥ ስለሚያሳልፉ በዓይን የጠራ ውሃ ያወጣሉ፤ የጠራው ግን ከጀርም የጸዳ ማለት አይደለም፤ ለዚያ ራሱን የቻለ የጀርም መግደያ እርከን ያስፈልጋል። ከታች ደግሞ ይህ ውሃ በሚገባበት በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ፤ ምርታቸው ተመልሶ የሚሸጠው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ወንዙ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ ይቀጥላል።

የጣቢያ ማስፋፊያ ሪባን ይቆረጥለታል፤ ወደ ግቢ ለሚገባ ቱቦ የሚቆርጥ የለም። ቀጣዩ በጀት ሲደለደል ግን ቅድሚያ ማግኘት ያለበት ይኸው የመጨረሻው ሜትር፣ የፓምፕና የሚሽከረከሩት ክንዶች መለዋወጫ፣ እንዲሁም ከጣቢያው የሚወጣውን ውሃ በየቀኑ የሚመረምር ላቦራቶሪ ነው። የምርመራው ውጤትም ለሕዝብ ይለጠፍ፤ ጎመኑን የምንበላው እኛ ነን።